ለተሳቢ ሹፌር የጋቢና አልጋ ወፍራም ኮምፈርት ልሰፋ ነው፤ ውስጡን በምን ልሙላው?

ሳቢያን_ስፌት
ሰላም ለሁላችሁም። ታላቅ ወንድሜ የተሳቢ ሹፌር ነው። ከጅቡቲ በደወሌ ይገባና ድሬ ትንሽ አረፍ ብሎ ወደ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። መንገድ ላይ ሆቴል አያድርም፤ ናፍጣውንና ጭነቱን ማን ይጠብቅለታል? የሚተኛው ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ ነው። ድሬ ላይ በነጠላም ያልበዋል። ደጋ ሲወጣ ግን ባለ ነብሩን ብርድ ልብስ ደርቦም ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ብርድ ልብሱ ደግሞ ቀን ቀን ጋቢናውን ሞልቶ ለረዳቱ መቀመጫ አሳጥቶታል።

ስለዚህ ራሴ ልሰፋለት ነው። ቤት ሲንጀር አለኝ፤ ዩኒፎርምና መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ኮምፈርት ግን ሞክሬ አላውቅም። አልጋውን ለክቼዋለሁ፦ ስፋቱ 70 ሳንቲ፣ ቁመቱ 2 ሜትር። ውስጡ ጥጥ ይሁን ወይስ ፋይበር? ላዩስ? ከታይዋን ገበያ የገዛኋቸው የቦንዳ ጅንሶች አሉኝ፣ እነሱን ቆራርጬ ባገጣጥምስ? የሚሞቅ፣ ግን ጠዋት ተጠቅልሎ ጥግ የሚገባ ነው የምፈልገው።

ገንደ_ቆሬ
አቦ በዚህ ሙቀት ስለ ኮምፈርት አታውሪን በአላህ! እኛ እዚህ አንሶላ ከብዶን አልጋ ወደ ግቢ አውጥተን እያደርን ነው። ለወንድምሽ ቬንትሌተር ግዢለት።

ሲኖ_በደንገጎ
ሳቅህ ደንገጎን እስክትወጣ ነው ወንድሜ። ሩቅ ሳትሄድ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁሉቢ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ መኪና ውስጥ ያደረ ሰው ጠይቅ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ። እኛ ደግሞ የምንነሳው ከጅቡቲ ወደብ፣ ከባሕሩ ጠርዝ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ቤቱ ለሚያድር ሰው ነው፤ ለጋቢና አዳሪ ሙሉ በሬም አይበቃው።

እህቴ፣ ወደ ቁም ነገሩ ልምጣልሽ። ብርድ ልብስ በላይ በላዩ መደረብ የማይጠቅመው ብርዱ ከላይ ስለማይመጣ ነው። የሚገባው ከስርና ከጎን ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ፍራሽ ስስ ስፖንጅ ነው፤ ትንሽ ሲቆይ ተደፍጥጦ ካርቶን ይሆናል። ከስሩ ብረት፣ ከብረቱ ስር የዕቃ ማስቀመጫው፣ ከዚያ ንፋስ። በጎን በኩል ደግሞ የጋቢናው የኋላ ቆርቆሮ አለ። ሌሊት እጅሽን ብታሳርፊበት ይቆነጥጥሻል፤ ሊነጋ ሲል ከትንፋሻችን ውሃ ያዝላል፣ ኮምፈርቱ የነካው ቦታ ሁሉ ይረጥባል። እኔን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ጉልበቴ ያንን ቆርቆሮ ሲነካ ነው። ስለዚህ በግድግዳው በኩል ከፍራሹ ስር የሚጠቀጠቅ ትርፍ ተይለት። የፍራሹን ነገር ሳታስቢ ኮምፈርቱን ብቻ ብታወፍሪው ግን ድካምሽ ከንቱ ነው።

እትዬ_ቀፊራ
ልጄ፣ ለወንድምሽ እንዲህ ማሰብሽ እግዜር ይባርክሽ። ፋይበር ምናምን የሚሉሽን ተያቸው፣ በጥጥ አድርጊው። በእኛ ጊዜ ፍራሹም ትራሱም ጥጥ ነበር። ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ ከዚያ በደጋን ይነደፋል። ሲነደፍ ቁጭ ብለሽ ብታዪው፣ ደጋኑ ድም ድም ባለ ቁጥር እፍኝ የማይሞላው ጥጥ እየተነፋ እየተነፋ ጉልበትሽ ጋ ይደርሳል። ሙቀቱ እዚያ መነፋቱ ውስጥ ነው ያለው። ሳይነደፍ ከተሞላ ግን ድንጋይ ተሸክሞ ማደር ነው።

ጥጥ ስትገዢ ላዩን አይተሽ እንዳትከፍዪ፣ እጅሽን ከጆንያው መሃል ድረስ ክተቺና አውጥተሽ እዪው። ላዩ በረዶ መስሎ ውስጡ ቅጠልና ፍሬ ብቻ የሆነ ሞልቷል። ለላዩ አቡጀዲ ይበቃል። ሳትቆርጪው በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አስጪው፤ አሚዶው ይልቀቅ፣ መኮማተሩንም እዚያው ይጨርስ። ካልሆነ የተሰፋው ኮምፈርት በመጀመሪያው እጥበት ተጨማዶ ይጣመምብሻል።

መኪና_ግርግር
ከሐረር ሰላም ብለናል። ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ እድሜዬን ሙሉ የሰፋሁ ነኝ፣ ለሹፌሮችም ሠርቻለሁ። እትዬ ስለ አቡጀዲው ያሉት አንድ ቃል አይቀነስለትም። በጥጡ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም።

ጥጥ ቤት ውስጥ ለሚነጠፍ አልጋ ወደር የለውም። ጋቢና ውስጥ ግን ሲኖ የነገረሽ እርጥበት አለ፤ ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ ይተኛል፣ ከተኛ አይሞቅም። ደግሞ በመኪና መንቀጥቀጥ ይሸሻል። እንዳይሸሽ በየ10 ሳንቲው መስመር መስፋት አለብሽ፤ መስመር በበዛ ቁጥር ደግሞ ያ የተነፋው ጥጥ እየተጨፈለቀ ይሄዳል። ሲቆሽሽም አይታጠብም፣ ተተርትሮ እንደገና መነደፍ አለበት። የሹፌር ልብስ ናፍጣና ግራሶ አያጣውም። ፋይበር ግን ታጥቦ ድሬ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ከሰዓት በኋላ ይነሳል።

ፋይበሩን በጥቅል የሚሸጠውን ግዢ፣ በከረጢት የሚመጣውን ብትንትኑን ተዪው፣ እሱ ለትራስ ነው። ውፍረቱ በካሬ ሜትር ክብደት ነው የሚነገረው፤ 200 ግራሙን ሁለት ድርብ አድርጊ። ልኬቱን 1.30 በ2.20 ያዢው። 70ው የአልጋው ነው፤ 30ው በግድግዳው በኩል ወደ ፍራሹ ስር የሚገባው፣ የቀረው 30 ሰውየው ሲገላበጥ ጀርባው እንዳይጋለጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ሙሌቱ 1 ኪሎ ከ150 ግራም ገደማ ይመጣል። ባለ ነብሩን ሚዛን ላይ አውጥተሽ አወዳድሪው። ጨርቁ ስፋቱ 1.50 ከሆነ ለአንዱ ፊት 2.50 ቁረጪ፣ ለሁለቱ 5 ሜትር፤ በእጥበት የሚገባውንና የስፌቱን ያካትታል።

እትዬ_ቀፊራ
አንተ የሐረሩ፣ ሙያህን አልነካም። ግን ፋይበር እሳት ሲያገኘው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ሹፌር ደግሞ ሲጋራ አይለየውም። እሱንስ ምን ልትለው ነው?

መኪና_ግርግር
ልክ ነዎት እትዬ። ለዚህ ነው ላዩና ታቹ ጥጥ ጨርቅ ይሁን የምለው፤ አቡጀዲ ወይ ካኪ። ሲልክና ያ የሚያብረቀርቀው ፖሊስተር ያምራል፣ ግን አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ከአልጋም ያንሸራትታል፤ ሌሊት መሬት ወርዶ ታገኚዋለሽ። ሲጋራውን ግን አልጋ ላይ ባያጨስ ነው የሚሻለው፣ በየትኛውም ኮምፈርት።

የመንዝ_ልጅ
ጥጥ፣ ፋይበር ትላላችሁ፣ ሱፉን ረሳችሁት! ወንድምሽ ደብረ ብርሃን ድረስ እየሄደ በብርድ ማለቁ ይገርማል። እኛ አገር የበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ ባና አለ። ያከካል፣ ይከብዳል፣ ይሸታል፣ እሺ። ግን እርጥብ ሆኖ እንኳ ይሞቃል፣ ጥጥ ይህን አያደርግም፤ ሱፍ በፍንጣሪም ቶሎ አይያያዝም። እንዲለብሰው አይደለም የምልሽ። ፍራሹ ላይ ያንጥፈው፣ አንሶላውን ከላይ። የስሩ ብርድ ነገር ያኔ ያልቃል።

ሲኖ_በደንገጎ
የመንዙ ተናገረ! እኔ ከፍራሹ ስር የሞኬት ቁራጭ፣ ከላዩ ባና አለኝ። የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ሳይደፈጠጥ የሚቀር ነገር ነው ከስር የሚያስፈልገው፤ ፋይበር እዚያ ቦታ ምንም አይሠራም፣ ወዲያው ይሞታል።

ሌላ ነገር ልጨምር፣ መጋረጃ። አብዛኛው ጋቢና በወንበሩና በአልጋው መሃል ስስ መጋረጃ አለው፣ ለብርሃን እንጂ ለብርድ የተሰቀለ አይደለም። ከኮምፈርቱ ከሚተርፍሽ ፋይበርና ጨርቅ ወፍራም መጋረጃ ስፊለት። ሙቀቱ በዚያ ሁሉ መስታወት ከሚያመልጥ አልጋዋ ብቻ ትንሽ ክፍል ትሆናለች። ለፊት መስታወቱ ያ ቀን ለፀሐይ የምንዘረጋው የሚያብረቀርቅ ነገር ሌሊትም ቢዘረጋ ለውጥ አለው። መስኮቱን ግን ጥርቅም አያድርገው፣ ጣት የሚያሳልፍ ያህል ይተው፤ ያ የምላችሁ ውሃ የሚጠራቀመው ሲታፈን ነው።

ረዳት_የነበርኩ
ስለ መታፈን ከተነሳ፣ እባካችሁ ይህን ለሹፌር ወንድም ያላችሁ ሁሉ ንገሩልኝ። ከሰል ጋቢና ውስጥ አይገባም። ቡና አፍልቶ ምድጃውን "ቀይ ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል" ብሎ ወደ ውስጥ የሚያስገባ አለ። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በእንቅልፍ ላይ ነው የሚወስድህ። ጋቢና ደግሞ ከቤት በብዙ እጥፍ ጠባብ ነው፣ ጊዜ አይሰጥም። ምድጃው ውጭ ይቅር፣ አመዱም ውጭ ይደፋ።

ሞተር አስነስቶ ሂተር ከፍቶ ማደርም አለ። ከባድ መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠጣል። 8 ሰዓት ብትተኛ 24 ሊትር። በዚያ ገንዘብ ስንት ሜትር አቡጀዲ ይገዛ ነበር?

ገንደ_ቆሬ
በሳቅ ጀምሬ አስፈራችሁኝ እኮ። ደግሞ ባቡሩ በ2009 ሲመረቅ ተሳቢ ሊቀር ነው ብለውን አልነበር?

ሲኖ_በደንገጎ
ባቡር መጋዘን በር ድረስ አይመጣም ወዳጄ። ከሐዲዱ ወርዶ ፋብሪካ የሚገባውን ዕቃ ማን ያነሳዋል? አለን፣ ገና እንበርዳለን።

ሳቢያን_ስፌት
እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር! ጋሼ መኪና ግርግር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛ፣ ጅንሶቹን ምን ላድርጋቸው? ሁለተኛ፣ ሲንጀሬ ይህን ሁሉ ውፍረት ትወጋለች? ትናንት በጨርቅ ቁራጭ ስሞክራት ክር እየዘለለች አስቸገረችኝ።

መኪና_ግርግር
ጅንሱን ከላይ እንዳታደርጊው። ከባድ ነው፣ ፋይበሩን ይደፈጥጠዋል፤ ፋይበር የሚያሞቀው መሃሉ የያዘው አየር ነው፣ አየሩን ካስወጣሽው ጨርቅ ብቻ ይቀርሻል። ጅንስ ሲረጥብም ቶሎ አይደርቅም። ለፍራሹ ልባስ አድርጊው፤ መጠጋገኑ እዚያ ላይ ያምርበታል፣ ጥንካሬውም ይፈለጋል። የኪሱን ቦታ ሳትተረትሪ ከነኪሱ ብትቆርጪው በጎን በኩል ለስልኩና ለባትሪው ማስቀመጫ ይሆነዋል።

አሁን ስለ ሲንጀርሽ። መርፌውን ወደ 18 ቁጥር ቀይሪ፣ የጨርቅ መጫኛ እግሯን ላላ አድርጊላት፣ ስፌቱን ረዘም አድርጊው፣ 4 ሚሊ ያህል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። እንዲያም ሆኖ መሃሉን በመኪና ባትሰፊው ደስ ይለኛል። በመኪና የተሰፋ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱን ዜሮ ያደርገዋል፣ ብርድ እንደ ቦይ በዚያ ይገባል። በቋጠሮ አድርጊው።

እንዲህ ነው። ሁለቱን ጨርቅ መልክ በመልክ አጋጥመሽ ዘርጊ። ሁለቱን ድርብ ፋይበር ከላይ አንጥፊ፣ በስፒል ያዢው። ዙሪያውን በመኪና ስፊ፣ በአንድ በኩል ሁለት ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ተይ። ማዕዘኖቹ ላይ ትርፍ ጨርቁን ከርከም አድርጊ እንጂ ስፌቱን እንዳትነኪው። በክፍተቱ እጅሽን አስገብተሽ የሩቁን ማዕዘን ያዢና ወደ ራስሽ ሳቢ፤ ሲገለበጥ ፋይበሩ መሃል ይገባል። አራግፊው፣ ጥግ ጥጉን በጣትሽ ግፊ፣ ክፍተቱን በእጅ ዝጊ።

ከዚያ መሬት ላይ ዘርግተሽ በሳሙና ቁራጭ በየ20 ሳንቲው ነጥብ አድርጊ፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር ፊት ለፊት ሳይሆን እያለፈ እያለፈ። በትልቅ መርፌ ወፍራም የጥጥ ክር ድርብ አድርገሽ ከላይ ወደ ታች አውጪ፣ ጥቂት ሚሊ ራቅ አድርገሽ መልሺ፣ አንድ ጊዜ ድገሚ። አሁን ነው ጥንቃቄው፤ ክሩን ስትቋጥሪ ጨርቁ ትንሽ ጎድጎድ ሲል አቁሚ። አጥብቀሽ ከሳብሽው ሁለቱ ጨርቆች ተጣብቀው ቀዳዳ የሠራሽ ያህል ነው። ጫፉን 2 ሳንቲ አስቀሪ፣ አጭር ከሆነ በእጥበት ይፈታል። ቋጠሮዎቹ ወደ ላይ ይሁኑ፣ ሰውነቱ በኩል ከሆኑ ይቆረቁሩታል።

ጠርዙን በካኪ ቀምቅሚው፤ መጀመሪያ የሚያልቀው ጠርዝ ነው። ከእግሩ በኩል ደግሞ የታችኛውን 50 ሳንቲ ለሁለት አጥፈሽ ጎኑንና ታቹን በቁልፍ ዝጊው፣ የእግር ከረጢት ይሆናል። በስፌት አትዝጊው፣ ሞቃት አገር ሲደርስ ዘርግቶ ይለብሰዋል። ዚፕም አትሞክሪ፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ጥርሱም ፋይበሩን ይነክሳል።

እትዬ_ቀፊራ
ቋጠሮውን ወደድኩት። እኛም ፍራሽ ላይ እንዲሁ ነበር የምናደርገው። ብቻ ልጄ፣ ላዩን የሚወልቅ ልባስ አድርጊለት፣ አንሶላ ሁለት አጥፈሽ ብትሰፊው ይበቃል። ያኔ ኮምፈርቱ ራሱ በየጊዜው ውሃ አይነካውም። በጥጥ ብታደርጊው ደግሞ አሁንም ደስ ይለኛል።

ሐረማያ_ካምፓስ
ለሲኖ ልጨምርልህ፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ድሬና ደብረ ብርሃን በ1,600 ሜትር ስለሚለያዩ በተመሳሳይ ሰዓት 10 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል፣ ውርጩ ለዚያ ነው። እኛ ሐረማያም ሌሊቱን እናውቀዋለን፣ ከድሬ በታክሲ ሲመጡ ደንገጎ ላይ ጃኬት የሚያወጡት ለጌጥ አይደለም።

ሳቢያን_ስፌት
ሰፍቼ ጨረስኩ፣ ወንድሜም አድሮበት ተመለሰ። ለኮምፈርቱ ውስጥ ፋይበሩን፣ ለላዩና ለታቹ የታጠበ አቡጀዲ አደረግሁ። (እትዬ አይቆጡኝ፣ ለትራሱ የርስዎን የተነደፈ ጥጥ ነው የሞላሁት።) ጅንሱ የፍራሽ ልባስ ሆነ፣ ከስሩ የሞኬት ቁራጭ ገባ። ባና ደብረ ብርሃን ላይ ራሱ ሊገዛ ነው።

የእሱ ዘገባ እንዲህ ነው። በግድግዳው በኩል ያለው ትርፍ ከሁሉም በላይ ጠቅሞታል፣ ጉልበቱ ቆርቆሮ አልነካም። መጋረጃው ጥሩ ነው፣ ግን እስከ ፍራሹ ብቻ ስለደረሰ ንፋስ በታች ይገባል፣ ላስረዝመው ነው። ቀን ቀን በሸራ ማሰሪያ ጠቅልሎት ረዳቱ ወገቡ ላይ ይደገፍበታል፤ ረዳቱ አሁን አልሰጥም ብሏል አሉ። የእግር ከረጢቱን ግን አልወደደውም። ሌሊት ሰው ጎማ ሲነካካ ሰምቶ ዘሎ ሊነሳ ሲል እግሩ ተይዞበታል።

ሲኖ_በደንገጎ
በዚህስ አልፈርድበትም። እኔም የታሰረ እግር ይዤ አልተኛም። ቁልፎቹን አውልቀሽ ቬልክሮ አድርጊለት፣ አንድ ጊዜ ሲረግጠው ይለቃል።

መኪና_ግርግር
ቬልክሮ ይሻላል፣ ተቀብያለሁ። ሸካራው ወገን ወደ ውጭ ይዙር፣ ካልሲ እንዳይዝበት። ሙሉውን ርዝመት አታድርጊ፣ በሦስት ቦታ ጣት የሚያህል ይበቃል፤ ከበዛ አይለቅም።

ቦቴ_ነጂ
ሳቢያን፣ ለሰው ትሰሪያለሽ? የእኔ ቮልቮ አልጋው መሃሉ ሰፊ፣ ራስጌውና ግርጌው ጠበብ ያለ ነው። ርዝመትና ስፋት ብልክልሽ ይበቃል?

ሳቢያን_ስፌት
አይበቃም ወንድሜ። ጋዜጣ ወይ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በማጣበቂያ ቀጣጥለህ አልጋው ላይ ዘርጋ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምርና ጠቅልለህ አምጣ። የግድግዳው በኩል የትኛው እንደሆነ ጻፍበት፣ በየትኛው በኩል እንደምትተኛም። ጨርቁን ራስህ ብትገዛ ደስ ይለኛል፣ ሳትነክረው ግን አታምጣ።